«ችግሩ ያለው ከልጁ ነው» ከማለታችን በፊት

(ይህ ጽሑፍ ጸሐፊው በአንድ የወላጆችና የመምህራን ስብሰባ ላይ በንግግር ያቀረበው ነው። ለኅትመት እንዲመች ከመጠነኛ ማሳጠር በቀር አልተነካም። በንግግሩ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። - ዝግጅት ክፍሉ)



የተሰጠኝ ርዕስ «ስለ ሰው ጠባይና ስለ ልጅ አስተዳደግ የሚሰጡ የሥነ ልቦና ማብራሪያዎችን መገምገም» የሚል ነው። «ግምገማ» የሚለውን ቃል ስትሰሙ ፊታችሁን ያጠቆራችሁ እንዳላችሁ ከዚህ ሆኜ አያለሁ። አትስጉ! ዛሬ ሂስና ግለሂስ የለም። ዛሬ የሚገመገመው ስለ ሰው የሚነገረው ነገር ነው እንጂ ሰው አይደለም።

እኔ የሥነ ልቦና ሊቅ አይደለሁም፤ ጋዜጠኛ ነኝ። የጋዜጠኛ ሥራ አንድ ነገር ሲነገረው «ማን አለ? በምን አወቀ? ማንን ይጠቅማል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይህንን ጥያቄ ለሚኒስትር ካቀረብነው ለፕሮፌሰር የማናቀርብበት ምክንያት የለም።

ጉዳዩ የቅንጦት እንዳይመስላችሁ። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ክፍል ውስጥ አልቀመጥ አለ እንበል። መምህሩ «ሥርዓት የጎደለው አስተዳደግ ነው» ይላሉ። አያቱ «ዓይን በልቶት ነው» ይላሉ። ጎረቤት «የአባቱ ዘር ነው» ትላለች። ኢንተርኔት ላይ ያነበበ አጎት ደግሞ የፈረንጅ ስም ያለው በሽታ ይጠራል። ልጁ ግን ያው አንድ ልጅ ነው። የሚከተለውን ተመልከቱ እንግዲህ፦ የመጀመሪያው ማብራሪያ ዱላ ያመጣል፤ ሁለተኛው ጸበል፤ ሦስተኛው ተስፋ መቁረጥ፤ አራተኛው ክኒን። ማብራሪያ ማለት በልጁ ላይ የሚሰጥ ፍርድ ነው። ፍርድ ከሆነ ደግሞ ይግባኝ ሊኖረው ይገባል። እኔ ዛሬ ይግባኝ የምንልባቸውን አራት ጥያቄዎች ላቀርብላችሁ ነው የመጣሁት።

አንደኛ፦ ምን ብናይ ነው «ተሳስቻለሁ» የምትለው?

«ዘር ከልጓም ይስባል» እንላለን። «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች» ደግሞ እንላለን። አንዱ ተፈጥሮ ነው ይላል፤ ሌላው ጓደኛና አካባቢ ነው ይላል። የሰካራም ልጅ ሰካራም ሲሆን የመጀመሪያውን እንመዛለን፤ የቄስ ልጅ ሌባ ሲሆን ሁለተኛውን እንመዛለን። የምንመዘው ነገሩ ከሆነ በኋላ ስለሆነ መቼም ተሳስተን አናውቅም! ተረትና ምሳሌ ይህን ቢያደርግ አይፈረድበትም፤ ለወግና ለጨዋታ ነውና። ሳይንስ ነኝ የሚል ነገር ሲያደርገው ግን ያስጠይቃል።

የቪየናው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ በ1909 ያሳተመውን «ትንሹ ሐንስ» ተብሎ የሚታወቀውን የሕፃን ታሪክ እንውሰድ። አምስት ዓመት ገደማ የሆነው ይህ ልጅ ፈረስ እየፈራ ከቤት መውጣት እምቢ አለ። የፍሮይድ ማብራሪያ ምን መሰላችሁ? ልጁ እናቱን ለራሱ ብቻ ስለሚመኝ አባቱን ይፈራል፤ ፈረሱ የአባቱ ምትክ ነው። ፍሮይድ ልጁን በሕክምናው ወቅት ያየው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። የቀረው መረጃ ሁሉ የመጣው ከልጁ አባት ነው፤ አባትየው ደግሞ የፍሮይድ ተከታይ ነበር። ልጁ ራሱ ግን ትልቅ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ መንገድ ላይ ሲወድቅ አይቶ መደንገጡን ተናግሯል። እኛ አገር በጋሪ በሚኬድበት ከተማ ያደገ ልጅ ፈረስ ሲወድቅ አይቶ ፈረስ ቢፈራ አባቱን የሚጠረጥር አለ? የለም። በዚህ ማብራሪያ ውስጥ ግን ልጁ «አዎ» ሲል ማስረጃ ነው፤ «አይደለም» ሲል ደግሞ «እውነቱን እየተከላከለ ነው» ተብሎ ያም ማስረጃ ይሆናል። እንዲህ ያለ ችሎት አይተን እናውቃለን አይደል? ተከሳሹ ቢያምንም ጥፋተኛ፣ ቢክድም ጥፋተኛ።

በዚያው በቪየና ያደገው ፈላስፋው ካርል ፖፐር ይህን ነገር ነቅሶ አውጥቶታል። አንድ ሰው ሕፃን ሊያሰምጥ ወደ ውኃ ቢገፋ፣ ሌላው ደግሞ ሕፃኑን ለማዳን ሕይወቱን ቢሰጥ፣ የፍሮይድም ሆነ የተቀናቃኙ የአድለር ትምህርት ሁለቱንም ድርጊት ያለ ምንም ችግር ያብራራል አለ። ተከታዮቹ ይህንን እንደ ጥንካሬ ቆጠሩት፤ ፖፐር ግን ዋናው ድክመቱ ይኸው ነው አለ። ሁሉን የሚያብራራ ምንም አያብራራም። ስለዚህ «ልጅህ እንዲህ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው» የሚል ባለሙያ ቢገጥማችሁ በትሕትና «ጌታዬ፣ ምን ብናይ ነው ሐሳብዎን የሚቀይሩት?» በሉት። መልስ ካጣ ሒሳቡን ከመክፈላችሁ በፊት አስቡበት።

ሁለተኛ፦ ከማን ጋር አወዳድረህ?

አሁን የምነግራችሁ በብዙ እናቶች ላይ የደረሰ ግፍ ነው። በ1943 ሊዮ ካነር የተባለ አሜሪካ የሚሠራ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም የ11 ልጆችን ሁኔታ ገልጾ ጻፈ። ዛሬ ኦቲዝም የምንለው ነው። ካነር የእነዚህ ልጆች ወላጆች ቀዝቀዝ ያሉ መስለው እንደታዩትም ጨምሮ ጻፈ። ከዚያ ወሬው እየወፈረ ሄደና «የፍሪጅ እናት» የሚል ስያሜ መጣ። እናቲቱ ልጇን ስላልወደደችው ልጁ በራሱ ውስጥ ተዘጋ ማለት ነው። በቺካጎ የልጆች ተቋም ይመራ የነበረው ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 ባወጣው መጽሐፍ ይህንን ሐሳብ አገር አወቀው። ስንት እናት በልጇ ሕመም ላይ የራሷ ጥፋት ተጨምሮባት ዕድሜዋን አለቀሰች!

ለመሆኑ ማስረጃው ምን ነበር? ቀዝቃዛ የሆኑ፣ ልጆቻቸው ግን ጤነኛ የሆኑ እናቶች ተቆጠሩ? አልተቆጠሩም። በዚያው ቤት፣ በዚያችው እናት ያደጉ ጤነኛ ወንድሞችና እህቶች ታዩ? ቦታ አልተሰጣቸውም። ነገሩ ተገልብጦ ቢሆንስ? ስትጠራው የማይዞር፣ ስታቅፈው የሚገፋ ልጅ ለዓመታት ያሳደገች እናት ሐኪም ፊት ስትቀርብ ደክማና ዝማ ብትታይ ምን ይገርማል?

ይህንን ግድግዳ ከቀደሙት መካከል አንዱ ራሱ የኦቲዝም ልጅ አባት የነበረው የሥነ ልቦና ባለሙያ በርናርድ ሪምላንድ ነው፤ በ1964 ባወጣው መጽሐፍ የችግሩ ምንጭ ከልጁ አካል እንጂ ከእናት ፍቅር ማነስ አይደለም ብሎ ተከራከረ። በ1977 ደግሞ ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር እንግሊዝ ውስጥ 21 መንትዮችን አወዳደሩ። ከ11 ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበረባቸው። ከ10 ተራ መንትዮች ግን አንድም ጥንድ አልተገኘም። እናት አንድ፣ ቤት አንድ፣ ወተት አንድ፤ ልዩነቱ የመጣው ከውርስ ነው። ከዚያ በኋላ የተደረጉ እጅግ ሰፋፊ ጥናቶችም የውርስን ድርሻ አጠናክረዋል።

እኛ ዘንድ ስሙ ይለያያል እንጂ ክሱ ያው ነው። «እርግማን ነው»፣ «የእናቲቱ ኃጢአት ነው» እየተባለ ጓዳ ውስጥ የተደበቀው ልጅ ስንት ነው? አዲስ አበባ ውስጥ በ2002 ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል የከፈቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስም ራሳቸው የኦቲዝም ልጅ እናት ነበሩ። እዚያም እዚህም ሸክሙን ያነሡት ሊቃውንቱ ብቻ ሳይሆኑ የተከሰሱት ወላጆች ራሳቸው ናቸው።

ዱላ ይሠራል?

ከማወዳደር ሳንወጣ ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ። «እኔ ተገርፌ ነው ሰው የሆንኩት» የማይል አዋቂ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጥቂት ነው። መምህራንም «ስንገርፋቸው ይስተካከላሉ፣ ስናመሰግናቸው ይበላሻሉ፤ በዓይናችን አይተናል» ትላላችሁ። አምናችኋለሁ፤ አይታችኋል።

ዳንኤል ካህነማን የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ የእስራኤል አየር ኃይል በረራ አስተማሪዎች ይህንኑ እንዳሉት ጽፏል። ጥሩ ያበረረውን ሲያመሰግኑት በማግሥቱ ይብሳል፤ መጥፎ ያበረረውን ሲጮኹበት በማግሥቱ ይሻላል። ካህነማን ያየው ግን ሌላ ነገር ነው። ማንም ሰው እጅግ ከከፋው ቀኑ በኋላ ምንም ባይደረግበትም ወደ ወትሮው ይመለሳል፤ እጅግ ካማረው ቀኑ በኋላም እንዲሁ። እኛ ዱላ የምናነሣው ልጁ በከፋበት ቀን ነው። በማግሥቱ በራሱ ጊዜ ይረጋ የነበረውን ልጅ ዱላው አረጋው ብለን ለዱላው ሽልማት እንሰጣለን!

ሲወዳደርስ? ኤልሳቤጥ ገርሾፍና አንድሪው ግሮጋን-ኬይለር በ2016 ያሳተሙት፣ 75 ጥናቶችንና ከ160,000 በላይ ልጆችን ያጠቃለለ ግምገማ አለ። ቀላል የሚባለውን ዱላ ከ17 ውጤቶች ጋር አስተያይተው በ13ቱ ላይ ግልጽ ዝምድና አገኙ፤ 13ቱም ወደ ጉዳት ያዘነበሉ ነበሩ። እዚህም ላይ ጥያቄያችንን አንርሳ፦ ምናልባት አስቸጋሪ ልጅ ነው ብዙ የሚገረፈው? ይህ ክርክር ተገቢ ነው፤ ባለሙያዎቹም እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ይሁንና በዚያ ሁሉ ጥናት ውስጥ ዱላ ልጅን አሻሽሏል የሚል ውጤት አልወጣም። እኛ አገር ደግሞ ሕጉ ከሳይንሱ አልዘገየም፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም ከአካል ቅጣት ነፃ አድርጓቸዋል። ይህ አንቀጽ እንደ ብዙዎቹ አንቀጾች ሁሉ ወረቀት ላይ ያምራል።

ሦስተኛ፦ እነማንን አጥንተህ?

«ጥናት እንደሚያሳየው» የሚል ነገር በሬዲዮም በስልክም ይዘንብብናል። የማን ጥናት? ጄፍሪ አርኔት የተባለ አሜሪካዊ በ2008 ባወጣው ቆጠራ፣ በታላላቆቹ የአሜሪካ የሥነ ልቦና መጽሔቶች ላይ ከተጠኑት ሰዎች 96 በመቶው የምዕራባውያንና የበለጸጉ አገሮች ሰዎች እንደነበሩ ታውቋል፤ እነዚህ አገሮች ከዓለም ሕዝብ 12 በመቶውን ብቻ የያዙ ናቸው። የቀረው 88 በመቶ ሕዝብ፣ እኔና እናንተን ጨምሮ፣ በሌሎች ልክ የተሰፋ ኮት ልበስ ይባላል። ጠበበኝ ሲል ደግሞ «ሰውነትህ ነው ችግሩ» ይሉታል።

ከእስራኤል የመጣ አንድ ጥሩ ምሳሌ ላንሣ። ዴቪድ ጹሪኤልና አንድ የሥራ ባልደረባቸው በ1999 ባሳተሙት ጥናት ከኢትዮጵያ የሄዱ የቤተ እስራኤል ሕፃናትንና እዚያው የተወለዱ ልጆችን ፈተኑ። በተለመደው የቅርጽና የሥዕል ፈተና የኛዎቹ ልጆች ወደኋላ ቀሩ። እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ «ዝቅተኛ አእምሮ» የሚል ማኅተም ይመታባቸው ነበር። አጥኚዎቹ ግን እንዲህ ያለው ጥያቄ እንዴት እንደሚሠራ ልጆቹን ጥቂት አስተማሯቸውና እንደገና ፈተኗቸው። ልዩነቱ እጅግ ጠበበ። የመጀመሪያው ፈተና የለካው ልጆቹ እንዲህ ያለ ወረቀት አይተው ማወቅ አለማወቃቸውን ነበር። ከገጠር መጥቶ ከተማ ትምህርት ቤት የገባውን ልጅ በመጀመሪያው ወር «ደደብ» ከማለታችን በፊት ይህንን እናስታውስ።

ደግሞ የተጻፈ ሁሉ ጸንቶ አይቆምም። በ2015 ብዙ ተመራማሪዎች ተባብረው የታተሙ 100 የሥነ ልቦና ሙከራዎችን እንደገና ሠሩ። የመጀመሪያው ዓይነት ግልጽ ውጤት የተገኘው በ36 በመቶዎቹ ብቻ ነው። ይህንን የምለው ሳይንሱን ለመናቅ አይደለም። የራሱን ገበና ቆጥሮ በአደባባይ ያወጣ ሙያ ክብር ይገባዋል። እስቲ የትኛው መሥሪያ ቤታችን ነው እንዲህ የሚያደርገው?

አራተኛ፦ ማንን ነፃ ያወጣል?

ይህ ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ነው። ዋልተር ሚሼል በ1960ዎቹ መጨረሻ አካባቢ በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አፀደ ሕፃናት ውስጥ የአራት ዓመት ገደማ ልጆችን ከአንዲት ጣፋጭ ጋር ለብቻቸው እያስቀመጠ «እስክመለስ ካልበላህ ሁለት አደርግልሃለሁ» ይላቸው ነበር። ከዓመታት በኋላ የቆዩት ልጆች በትምህርት የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ከዚያ ወዲያማ ምን ይቅር! ትዕግሥት የስኬት ቁልፍ ነው፤ ድሀ ድሀ የሆነው መታገሥ ስላልቻለ ነው የሚል ስብከት በዓለም ተሰራጨ።

ነገር ግን እነዚያ ልጆች በአብዛኛው የአንድ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ልጆች ነበሩ። በ2018 ታይለር ዋትስና ጓደኞቹ ከ900 በላይ በሆኑ፣ ከተለያየ ኑሮ በመጡ ልጆች መረጃ ላይ ሲያዩት ዝምድናው ወደ ግማሽ ወረደ። የቤተሰቡ ኑሮና ሌሎች ሁኔታዎች ሲታሰቡ ደግሞ ከቀረው ሁለት ሦስተኛው ጠፋ።

ከሁሉ የሚጥመው ግን በ2013 ሴለስት ኪድና ባልደረቦቿ ያደረጉት ነው። 28 ልጆችን ለሁለት ከፈሉ። ለሥዕል የተሻለ ቀለም እንደሚመጣላቸው ለሁሉም ቃል ተገባ። ለግማሾቹ ቀለሙ መጣ፤ ለግማሾቹ «ይቅርታ፣ የለም» ተባሉ። ከዚያ የጣፋጩ ፈተና ቀረበ። ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ገደማ ጠበቁ። የተዋሹት 3 ደቂቃ ገደማ ብቻ! ልጆቹ አንድ ዓይነት፣ ጣፋጩም አንድ ዓይነት። የተለየው የትልቁ ሰው ቃል ነው። ውሸታም ፊት ተቀምጦ መጠበቅ ትዕግሥት ሳይሆን ሞኝነት መሆኑን የአራት ዓመት ሕፃን ያውቃል።

እንግዲህ ይህንን ይዛችሁ «ወጣቱ ትዕግሥት የለውም»፣ «ስደት ስደት የሚለው የአመለካከት ችግር ስላለበት ነው» የሚለውን የሹማምንት ንግግር ስሙት። በኢሕአዴግ ዘመን ከቀበሌ እስከ ሚኒስቴር የማይፈታ ነገር ሲገጥም የሚሰጠው ምርመራ ይኸው «የአመለካከት ችግር» የሚባለው ነበር፤ ቃሉ ዛሬም ከአፍ አልወጣም። ውኃ ጠፋ፣ የአመለካከት ችግር፤ ሥራ ጠፋ፣ የአመለካከት ችግር። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት ይህ ነው! ወጣቱን ከመመርመር በፊት የተገባለት ቃል ስንት ጊዜ እንደታጠፈ ቢቆጠርስ?

ዓለም ይህንን ጨዋታ ያውቀዋል። በ1851 ሳሙኤል ካርትራይት የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከጌታው የሚያመልጥ ባሪያ «ድራፔቶማኒያ» የሚባል በሽታ አለበት ብሎ ጻፈ። ያዘዘውም መድኃኒት ግርፋት ነበር። ሶቪየት ኅብረት ደግሞ ተቃዋሚዎቿን «ዘገምተኛ ስኪዞፍሬኒያ» በሚል ስም የአእምሮ ሆስፒታል ታስገባ ነበር። ለክሪሚያ ታታሮች መብት የተከራከረው ጄኔራል ፒዮትር ግሪጎሬንኮ በ1960ዎቹ ሁለት ጊዜ በግዳጅ ወደ አእምሮ ሆስፒታል ተወስዷል። ወቀሳው ሲበረታ ሶቪየት በ1983 ከዓለም የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ራሷን አገለለች። ማብራሪያው ሁልጊዜ የበላዩን ነፃ እያወጣ የበታቹን የሚከስ ከሆነ ጠርጥሩ።

ፈተናውን ያለፈስ አለ?

አለ። ሁሉን ጠርጥሩ ብዬ ባዶ እጃችሁን አልሸኛችሁም። ሕፃን ከእንጀራና ከልብስ ሌላ የሚያውቀውና የሚያውቀው አንድ የቅርብ ሰው ያስፈልገዋል የሚለው ማብራሪያ አራቱንም ጥያቄ ተቋቁሞ ቆሟል። ሜሪ ኤንስወርዝ ሕፃናት ከእናቶቻቸው ጋር ያላቸውን ቁርኝት መጀመሪያ ያጠናችው በ1950ዎቹ አጋማሽ እዚሁ ቅርባችን ኡጋንዳ፣ ካምፓላ አካባቢ በሚገኙ መንደሮች ነው፤ ስለዚህ የፈረንጅ ብቻ ነው አይባልም። ማወዳደሩም ተደርጓል። በሩማኒያ ቻውሼስኩ በ1966 ፅንስ ማስወረድን ከለከለ፤ መንግሥት ያሳድጋል ተባለና ማሳደጊያዎቹ ሞሉ። አገዛዙ በ1989 ሲወድቅ ዓለም ያየው አልጋ ላይ ተቀምጠው የሚወዛወዙ ሕፃናትን ነው። ከ2000 ጀምሮ ተመራማሪዎች 136 ሕፃናትን በዕጣ ከፍለው 68ቱ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ እንዲሄዱ አደረጉ። ወደ ቤተሰብ የሄዱት በአእምሮ ዕድገትም በስሜትም ተሻሉ፤ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የሄዱት።

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2018 መጀመሪያ ልጆችን ለውጭ አገር ዜጎች በጉዲፈቻ መስጠት አግዳለች። እገዳው ትክክል ነው አይደለም የሚለው ለብቻው ያከራክራል። ነገር ግን በሩ ከተዘጋ ልጆቹ የት ሊያድጉ ነው? በማሳደጊያ ግንብ ውስጥ ወይስ በዘመድና በጎረቤት ቤት? ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮሞ ወግ የወጣ የራሳችን ነው። የሩማኒያ ሕፃናት መከራ ያስተማረው አባቶቻችን ያለ ላቦራቶሪ የያዙትን ነገር ነው። መንግሥት ለግንብ የሚመድበውን ገንዘብ ለአሳዳጊ ቤተሰብ ቢመድብ ማስረጃው ከጎኑ ይቆማል።

ወላጆች፣ ነገ መምህሩ ጠርተዋችሁ «ችግሩ ያለው ከልጁ ነው» ቢሏችሁ ጠብ አታንሡ። አራቱን ጥያቄዎች በጨዋ ደንብ አንሡ፦ ምን ብናይ ሐሳብዎ ይቀየራል? ከማን ጋር አወዳደሩት? ይህ ነገር የታየው በነማን ልጆች ላይ ነው? ይህ ማብራሪያ ማንን ነፃ ያወጣል? መምህራን ሆይ፣ እናንተም በ70 ልጅ የታጨቀ ክፍል ውስጥ ቆማችሁ «ችግሩ የመምህሩ ተነሣሽነት ማነስ ነው» የሚል ኃላፊ ሲመጣባችሁ እነዚሁን አራት ጥያቄዎች መልሱለት። አራተኛዋን ረገጥ አድርጋችሁ!